ዘሩ ከጎተራችን፣ ንባቡ ከሩቅ

በ1951 ካሊፎርኒያ ውስጥ የገብስ ቅጠል ያለ ጊዜው ቢጫ እየሆነ፣ አዝመራው እየቀጨጨ ገበሬውን አስቸገረ። መንስኤው በክሽክሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ነበር። የሚረጭ መድኃኒት ስላልነበረው ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበውን የገብስ ዘር እያበቀሉ በሽታውን የሚችል ፍለጋ ያዙ። ከተፈተኑት ከስድስት ሺህ በላይ ናሙናዎች የተቋቋሙት ከመቶ ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ከእነዚያም ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። አዳቃዮቹ ተቋቋሚውን ዘረመል ለይተው ወደ ራሳቸው ገብስ አሸጋገሩት፤ የካሊፎርኒያ ገበሬም አዝመራውን አዳነ። ያን ገብስ ለዘመናት እየመረጠ ያቆየው የኢትዮጵያ ደገኛ ግን ከነገሩ ያገኘው ጥቅም የለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ስለ አፍሪካ ግብርና በሚመከርበት ጉባኤ ሁሉ ጂኖሚክስና ባዮኢንፎርማቲክስ ይነሳሉ። የመጀመሪያው የአንድን ተክል ወይም እንስሳ ሙሉ ዘረመል ማንበብ ነው፤ ሁለተኛው በሚሊዮንና በቢሊዮን የሚቆጠረውን የንባብ ውጤት በኮምፒዩተር አደራጅቶ ፍች ማግኘት። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያው ይጀምራል፤ ማሽኑ ረክሷል፣ ፈጥኗል፣ አፍሪካም ትታጠቀው ይባላል። ታሪኩን ለሚመረምር ግን ዋናው ጉዳይ ማሽኑ አይደለም። የኢትዮጵያ እህል ባለፉት መቶ ዓመታት ደጋግሞ ተነቧል፤ መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በማሳ ሙከራ፣ በኋላም በቤተ ሙከራና በጂኖም። ንባቡ ለአገሩ ገበሬ የጠቀመው ዘሩ፣ ዘሩን የሚያውቀው ገበሬና አንባቢው ባለሙያ በተገናኙበት ጊዜ ነው። በተለያዩ ቁጥር ጥቅሙ የሄደው ወደ አንባቢው አገር ነው።

የሶቪየቱ የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1926 መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ገብቶ፣ ራስ ተፈሪ ተቀብለው ካነጋገሩት በኋላ፣ በበቅሎ ቅፍለት ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጎንደርና በአክሱም አድርጎ በ1927 አስመራ ደረሰ። ይዞ የተመለሰው ከስድስት ሺህ በላይ የእህል ናሙና ነው። የመረመረው በዓይኑ ቢሆንም ዓይኑ የዋዛ አልነበረም። በአውሮፓ አንድ ማሳ ማለት አንድ ዓይነት ስንዴ ወደ መሆን በተቃረበበት ዘመን፣ እዚህ በአንዲት ጥማድ መሬት ላይ ጥቁሩና ነጩ፣ ጢማሙና መላጣው፣ ቶሎ ደራሹና ዘግይቶ ደራሹ ተደባልቆ ሲወዛወዝ አየ። ከዚህ ተነስቶ ኢትዮጵያን ከዓለም የእህል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት። ትዝብቱ እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ ድምዳሜው ግን በከፊል ታርሟል። ጤፍ የዚሁ አገር ነው፤ ገብስና ስንዴ ግን መጀመሪያ ከዱር ወደ ማሳ የገቡት በመካከለኛው ምሥራቅ እንደሆነ በኋላ የመጣው የዘረመል ጥናት አሳይቷል። ይህ እርማት የኢትዮጵያን ገበሬ ክብር የሚቀንስ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ዘሩ ከውጭ የመጣ ከሆነ፣ ቫቪሎቭን ያስደነቀው ብዛት ተፈጥሮ በዘፈቀደ የጣለችው ሀብት መሆኑ ቀርቶ፣ ከውርጭ እስከ ቆላ ሐሩር ባለው መሬት ላይ ገበሬው ሲመርጥና ሲያለዋውጥ የሠራው ሥራ ሆነ ማለት ነው።

ከቫቪሎቭ አሥር ዓመት በኋላ፣ አገሪቱ በኢጣሊያ ወረራ ሥር ሳለች፣ በ1937 እና በ1938 ጀርመኖችም መጥተው ገብስ ሰበሰቡ። ከሰበሰቡት መካከል በሳይንስ ጽሑፎች ኤል 92 እና ኤል 100 በሚሉ መለያዎች የሚታወቁት ሁለቱ፣ የአውሮፓን የጸደይ ገብስ ሲያጠቃ ለኖረው፣ ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ለሚመስለው የፈንገስ በሽታ መልስ ሆኑ። ይህን መቋቋሚያ የያዘው የመጀመሪያው የአውሮፓ ዝርያ በ1979 ለገበያ ቀረበ። አዳቃዮች እንደሚያውቁት አብዛኛው በሽታን የመቋቋም ባሕርይ ዕድሜው አጭር ነው፤ ፈንገሱ ራሱን ይለውጥና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሰብረዋል። ይሄኛው ግን አርባ ዓመት ካለፈውም በኋላ አልተሰበረም። ምክንያቱ የታወቀው የዘረመል ንባብ ሲመጣ ነው። ኤም ኤል ኦ የሚባለው ዘረመል በ1997 ተለየ። በተለመደው ገብስ ውስጥ ይህ ዘረመል የሚያሠራው ፕሮቲን ፈንገሱ ወደ ሕዋሱ ለመግባት የሚገለገልበት ነው። በ2004 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያው ገብስ ከዘረመሉ በፊት ያለው ክፍል ደጋግሞ ስለተባዛ ዘረመሉ በወጉ አይሠራም፤ ፈንገሱም መግቢያ ያጣል። በሽታውን የሚዋጋ ነገር ተጨምሮ ሳይሆን በሽታው የሚገባበት ጎድሎ ነው ገብሱ የዳነው። ለመጠጥና ለእንስሳት መኖ የሚውለው የአውሮፓ የጸደይ ገብስ ሰፊው ክፍል ዛሬ ይህንኑ የጎደለ ነገር ከኢትዮጵያ ተውሶ ይኖራል።

ሳይንሱ እጹብ ድንቅ ነው፤ ማንንም አልከስበትም። የምታዘበው ሌላ ነው። በሁለቱም የገብስ ታሪኮች ናሙናው ሲሄድ አብሮት የሄደው የተለቀመበት ቦታና ቁጥር ነው። ገበሬው ያን ገብስ ለምን እንደሚዘራው፣ ከምን ጋር እንደሚያቀላቅለው፣ ለጠላ ይሁን ለቆሎ ወይም ለበሶ የሚመርጠው፣ በየትኛው ዓመት እንዳዳነው የሚናገር መዝገብ አልተከተለውም። የማሽላው ታሪክ ይህን ክፍተት አጉልቶ ያሳያል። በ1973 አሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሲንግና አክስቴል ከዘጠኝ ሺህ በላይ የማሽላ ናሙና ሲመረምሩ፣ ላይሲን የተባለው ለሰው ልጅ አስፈላጊ የሆነ የፕሮቲን ክፍል ከፍ ብሎ የተገኘው በሁለት የኢትዮጵያ ናሙናዎች ነበር፤ መገኛቸው ወሎ ነው። የወሎ ገበሬ ግን ይህን ማሽላ ቀድሞ ለይቶ አውቆታል። በሌላው ማሽላ መካከል ጥቂት ጥቂት እየዘራ፣ እሸቱን ጠብሶ ይበላው ነበር፤ ወተት በጉንጬ ብሎም ጠርቶታል። ብዙ የማይዘራበትም ምክንያት ነበረው፤ ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ምርቱም ያንሳል። ተመራማሪዎቹ ባሕርዩን ወደ ብዙ ምርት ሰጪ ማሽላ ለማሸጋገር ሲነሱ የገጠማቸው ዋና እንቅፋትም ይኸው ነበር።

ዘሩንና ዕውቀቱን በአገር ውስጥ አንድ ላይ የማቆየት ሐሳብ ተቋም ያገኘው በ1976 ነው። በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የእጽዋት ዘረ ሀብት ማዕከል አዲስ አበባ ተመሠረተ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚባለው ተቋም ውስጥ ከ70 ሺህ በላይ ናሙናዎች አሉ። ከ1979 ጀምሮ ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ከብዙ የሙያ ጓደኞቻቸው የሚለዩበት እምነት ነበራቸው፤ ማቀዝቀዣ ብቻውን ዘር አያድንም አሉ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባ ገብስ በገባበት ዓመት ላይ ይቆማል፤ ማሳ ላይ ያለው ግን ከአየሩና ከበሽታው ጋር እየተለወጠ ይሄዳል። የ1984ቱ ረሃብ ይህን በጭካኔ አስተማረ። ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር ሲበላ፣ ለእርዳታ የመጣው እህልም ዘር ሆኖ ሲዘራ፣ ለትውልድ የቆየ ዝርያ በአንድ ክረምት ሊጠፋ ይችል ነበር። መላኩና ባልደረቦቻቸው በድርቅ የተጠቁ አካባቢዎችን ዘር ሰብስበው አቆዩ፤ በኋላም ዩ ኤስ ሲ በተባለው የካናዳ ድርጅት ድጋፍ ዘሩን መልሰው ለገበሬው በመስጠት፣ ማሳውን ራሱን የዘር ማቆያ የሚያደርግ ፕሮግራም ጀመሩ። በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት ለዚህ ነው። ጂኖም የሚለው ቃል በየጉባኤው መነሳት ከመጀመሩ በፊት፣ ጂኖም አንባቢ የሚፈልገውን ነገር ያዘጋጁት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ መገኛው የታወቀ፣ ባለቤቱ የታወቀ፣ ሕይወት ያለው ዘር።

የጤፍ ታሪክ ሦስቱ፣ ዘሩ፣ ገበሬውና ባለሙያው፣ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታምኖ ነበር። አበባው እጅግ ደቃቅ ነው፤ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ተከፍቶ የሚታይበትን ሰዓት የሚያውቅ አልነበረም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ በደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል አበባውን በትዕግሥት ተከታትለው፣ የሚከፈተው በማለዳ ከ12 ሰዓት ከ45 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ግድም መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ሥራው የእጅ ሥራ ሆነ፤ በማጉያ መነጽር ሥር፣ በቀጭን ወረንጦ የወንዴውን ክፍል ነቅሎ የሌላውን ብናኝ መቀባት። በዚህ መንገድ ከወጡት ዝርያዎች እጅግ የተስፋፋው በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ ነው። እናቱና አባቱ ሁለት የደብረ ዘይት ዝርያዎች ናቸው፤ አንደኛው ምርቱ ከፍ ያለ ግን ነጭነቱ ያልተወደደለት ዱከም፣ ሁለተኛው እጅግ ነጭ ግን ምርቱ ያነሰ ማኛ። አዳቃዮቹ ምርትን ብቻ ቢከተሉ ዱከም ይበቃቸው ነበር። ገበያውን ያውቁ ስለነበር ግን ነጭ ጤፍ የሚፈልገው ገዢና ብዙ ኩንታል የሚፈልገው አምራች በአንድ ዘር እንዲስማሙ አደረጉ። ዘሩን በሠርቶ ማሳያ ለማዳረስ የተደረገው ጥረት ሲታከልበት ቁንጮ በጥቂት ዓመታት በየክልሉ ተሰራጨ። አንድም የዘረመል ንባብ አልነበረበትም።

ታዲያ ንባቡ ለምን ያስፈልጋል? ጤፍ ዘንቦ ነፋስ ሲመታው ይጋሸባል። ማዳበሪያ ሲጨመርለት ዘንጉ ይረዝምና ጭራሽ ይተኛል፤ ስለዚህ ገበሬው መሬቱን ባበለጸገ ቁጥር ኪሳራው ይብሳል። ስንዴና ሩዝ ከዚህ ችግር የወጡት በአጭር ዘንግ ነው፤ ለጤፍ ግን ያን የሚያስገኝ የተፈጥሮ ባሕርይ በዓይን ፍለጋ በቀላሉ አልተገኘም። የበርን ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ዘሪሁን ታደለ የመሩት ቡድን ጸደይ የተባለውን ዝርያ አንብቦ በ2014 የመጀመሪያውን የጤፍ ጂኖም አሳተመ፤ በ2020 ደግሞ ዳቢ በተባለው ዝርያ ላይ የተሠራ የተሟላ ንባብ 68 ሺህ ያህል ዘረመሎችን አሳየ። ጤፍ የሁለት ጥንታዊ ሣሮች ሙሉ ጂኖም በአንድ አካል የያዘ ስለሆነ አብዛኛው ዘረመል ጥንድ ግልባጭ አለው። በአንደኛው ግልባጭ ላይ ለውጥ ቢመጣ ሁለተኛው ሥራውን ይሸፍናል፤ ለውጡም በዓይን ሳይታይ ይቀራል። በባሕላዊው መንገድ ብቻ አጭር ጤፍ ፍለጋ ያታከተው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ንባቡ የት ቦታ ላይ መፈለግ እንዳለበት ይጠቁማል፤ አዳቃዩም ሺህ ችግኝ አሳድጎ ከመጠበቅ ቅጠል ቆርጦ ይመረምራል። እዚህ ላይ ባዮኢንፎርማቲክስ እውነተኛ ጉልበት ነው። ሆኖም ጸደይም ዳቢም ሊነበቡ የቻሉት ቀድሞ ለይቶ የያዛቸው ሰው ስለነበረ ነው።

ከዚህም በላይ የሚደንቀኝ ገበሬው ራሱ የንባቡ አካል የሆነበት ሥራ ነው። ኢትዮጵያውያንና ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች በአብዛኛው ከዘር ባንኩ የወጡ 400 የማካሮኒ ስንዴ ዓይነቶችን በአማራ ክልል ገረገራ፣ በትግራይ ሐገረ ሰላም ዘርተው 60 ገበሬዎች፣ ግማሾቹ ሴቶች፣ እየተዘዋወሩ ነጥብ እንዲሰጡ አደረጉ። ተመራማሪዎቹ በበኩላቸው ቁመቱን፣ የፍሬውን ክብደት፣ የሚደርስበትን ጊዜ ለኩ። ከዚያ የገበሬዎቹን ነጥብ ልክ እንደ አንድ የስንዴው ባሕርይ ወስደው ከጂኖሙ ጋር አስተያዩት። በ2017 የታተሙት ውጤቶች እንዳሳዩት የገበሬው ምርጫ የዘፈቀደ አልነበረም፤ ከተወሰኑ የጂኖም ክፍሎች ጋር ተያይዞ ተገኘ። ከአገሬው ስንዴዎች መካከልም የተሻሻሉ ተብለው የተለቀቁትን በምርት የበለጡ ነበሩ። በቫቪሎቭ ዘመን ከናሙናው ጋር ያልተጓዘው ዕውቀት፣ ዘጠና ዓመት ዘግይቶ፣ በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ላይ የራሱ ዓምድ አገኘ።

ይህን ሁሉ ናፍቆት ነው የሚል አይጠፋም። የአገሬው ዘር በአማካይ ምርቱ ያንሳል፤ እየበዛ የሚሄድ ሕዝብ በጥንት ስንዴ አይጠግብም ይባላል። የመጀመሪያው አባባል እውነት አለው፤ አገሪቱን ዛሬ የሚመግበው ስንዴ በአብዛኛው የተዳቀለ ነው፣ ይህም መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ዝርያ ብዙ መሬት ሲሸፍን የሚመጣውን ኢትዮጵያ በሦስት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ አይታዋለች። በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ ቁብሳ የተሰኘውን ስንዴ መታው። በዚያ ምትክ የተዘራው ዲገሉ በ2013 በግንድ ዋግ ባሌና አርሲ ላይ ወደቀ። እዚህ ላይ ንባቡ ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛው ከአገሬው ስንዴ ውስጥ መቋቋሚያ ዘረመል ፈልጎ ብዙ ምርት ወደሚሰጠው ማስገባት ነው። ሁለተኛው ራሱን በሽታውን ማንበብ። ከእንግሊዙ ጆን ኢነስ ማዕከልና ሲሚት ከተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ጋር በመሆን የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ማርፕል በተባለ ዘዴ፣ በእጅ በሚያዝ የዘረመል ማንበቢያ፣ የቢጫ ዋጉን ዓይነት እዚሁ አገር ውስጥ በሁለት ቀን ገደማ ይለያሉ። ቀድሞ ናሙናው ባሕር ተሻግሮ ውጤቱ ለወራት ይጠበቅ ነበር፤ እስከዚያ አዝመራው ያልቃል። ማሽኑ ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን አንባቢው እዚሁ አገር፣ ሆለታ፣ መገኘቱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። በቆሎው፣ ድንቹ፣ በርበሬው ከአሜሪካ መጥቶልን ማንም ክፈሉ ሳይለን በላን፤ ታዲያ ገብሳችን ቢሄድ ለምን እናማርራለን? እውነት ነው፣ የዘር ታሪክ የመለዋወጥ ታሪክ ነው፣ ድንበር ዘግቶ ያተረፈም አገር የለም። ልዩነቱ ያለው ዘሩ ላይ ሳይሆን ዘሩ ላይ በሚጻፈው የባለቤትነት ወረቀት ላይ ነው። በርበሬ ሲመጣ በርበሬን በመፍጨት ላይ የፈጠራ መብት ይዞ የመጣ አልነበረም። በ2005 ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር የጤፍ ስምምነት የፈረመው የሆላንድ ኩባንያ ግን ቀደም ብሎ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት ጠይቆ ነበር፤ በ2007 በአውሮፓ ተሰጠው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ መብቱ ግን ወደ ሌሎች እጅ ተላልፎ ቀጠለ። የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ የሚጸናውን መብት ፈጠራ የሌለበት ነው ብሎ የሻረው በ2018 መጨረሻ ነው። እስከዚያ ኢትዮጵያ ከስምምነቱ ያገኘችው 4 ሺህ ዩሮ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው፣ አፍሪካ ማዳበሪያ፣ መንገድና ውኃ ሳታሟላ ጂኖም ማንበብ ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ አቀንጭራ ነው። ይህ አረም ከሳህል እስከ ኢትዮጵያ ቆላ የማሽላውን ሥር ጠብቶ ያደርቀዋል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያወጣውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ይህን ጥሪ የማያሰሙ ማሽላዎችን ለይተው አዳቀሉ፤ ጎቢዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት በኢትዮጵያ ተለቀቁ፤ እሳቸውም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። በ2017 የታተመ ጥናት ምስጢሩን በአንድ ዘረመል ላይ አገኘው፤ ያ ዘረመል ሲጎድል ሥሩ የሚያወጣው ኬሚካል መልኩ ይለወጥና አረሙ አይነቃም። ማዳበሪያ መግዣ የሌለው ገበሬ የሚያስፈልገው ይኸን የመሰለ፣ ከዘሩ ጋር በነጻ የሚመጣ መከላከያ ነው።

አሁን ጥያቄው አዲስ ቅርጽ ይዟል። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482 ከ2006 ጀምሮ ናሙና ከአገር ሲወጣ ፈቃድና የጥቅም ተጋሪነት ውል ይጠይቃል፤ በአፍሪካ ስም ለዚህ መርህ ለዓመታት የተከራከሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ነገር ግን ጂኖሙ አንዴ ተነቦ ኢንተርኔት ላይ ከተቀመጠ ፍሬዋ ድንበር መሻገር አያስፈልጋትም፤ ፊደሉ ይበቃል። በ2024 ኮሎምቢያ ካሊ ላይ አገሮች ከእንዲህ ያለው መረጃ የሚያተርፉ ኩባንያዎች የሚከፍሉበት ፈንድ እንዲቋቋም ተስማሙ፤ ክፍያው ግን በፈቃደኝነት ነው። ፈንዱን መቃወም አያስፈልግም፤ በእሱ መተማመንም አይገባም። የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍሎቻችን በየዓመቱ የሚያስመርቋቸው ወጣቶች ከአዳቃዮቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሚሠሩበትን መንገድ ዩኒቨርሲቲዎቹና የምርምር ማዕከላቱ ይክፈቱ፤ የዘር ባንኩም ናሙና ለንባብ ሲሰጥ የገበሬው ዕውቀት አብሮ እንዲመዘገብና ንባቡ እዚሁ እንዲሠራ በውሉ ላይ ያስጽፍ።